ብድሩስ ተመልሷል፤ ገንዘቡ ከየት መጣ?

ልማት ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ልጆች የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ ብዙዎቻችሁ ማይክሮፋይናንስ ላይ ታርፋላችሁ። አልፈርድባችሁም። ቅርንጫፉ ቅርብ ነው፣ ደንበኛ አይጠፋም፣ አማካሪም አይቃወምም። መጠይቁም ያው የለመድነው ነው፦ ከብድሩ በፊት ገቢዎ ስንት ነበር? አሁንስ? መጨረሻው ላይ «የብድር አመላለሱ ከፍተኛ በመሆኑ ፕሮግራሙ ውጤታማ ነው» ይባልና ይጠረዛል። የዛሬው ጠቤ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባንግላዴሽ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።) በ1976 የቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህር ሙሐመድ ዩኑስ ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች 27 ዶላር ገደማ ከኪሳቸው አበደሩ። በመንደሯ የቀርከሃ በርጩማ የሚሠሩ ሴቶች ቀርከሃውን ከነጋዴ በዱቤ ወስደው በርጩማውን ለዚያው ነጋዴ፣ እሱ በቆረጠው ዋጋ ያስረክቡ ነበር። የዩኑስ ገንዘብ ተመለሰ። በ1983 ግራሚን ባንክ ተቋቋመ፤ በ2006 ዩኑስና ባንኩ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፈሉ። ባንኮች «ድሃ አይከፍልም» ሲሉ ስለኖሩ የዓለምን ጆሮ የያዘው ወሬ መክፈሉ ነበር። ቀስ በቀስ መክፈሉ ከድህነት እንደ መውጣት ተቆጠረ።

ድሃማ ይከፍላል። ከምን አምጥቶ ይከፍላል? የቡድን ዋስትናን አስቡት። አምስት ስድስት ጎረቤታሞች እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ፤ አንዷ ካቃታት ሌሎቹ ይሞሉላታል፣ አለዚያ ቀጣዩን ብድር ያጣሉ። አንዷ በብድሩ የገዛቻቸው ዶሮዎች ፈንግል ፈጃቸው እንበል። ቀኑ ሲደርስ በጓን ትሸጣለች። በግ ከሌላት ከእህቷ ትበደራለች፤ የዕቁቡን ዳኛ ዕጣዬን አስቀድሙልኝ ብላ ትለምናለች፤ ያም ካልሆነ አራጣ አበዳሪ ደጅ ትቆማለች። ቡና የምታጣጣቸውን ጎረቤቶቿን ከማስቀየም ይህ ሁሉ ይቀላታል። የተቋሙ መዝገብ ላይ ግን የሷም ዕዳ፣ ዶሮዎቿ እንቁላል የጣሉላትም ሴት ዕዳ እኩል «ተከፍሏል» ነው። የብድር አመላለስ የአበዳሪውን ጤንነት በደንብ ይነግረናል። የተበዳሪዋን ኑሮ ለማወቅ ቤቷ መሄድ ነው።

ቤት ለቤት የሄዱ አሉ። በ2015 ከቦስኒያ፣ ከሕንድ፣ ከሜክሲኮ፣ ከሞንጎሊያ፣ ከሞሮኮና ከኢትዮጵያ የተገኙ ስድስት ጥናቶች በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ አብረው ወጡ። የኛው ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ገጠር የተካሄደ ነው። ብድሩ የሚገባባቸው ቀበሌዎች በዕጣ ተለዩ፤ ኋላ ላይ ብድር ከገባባቸውና ካልገባባቸው ቀበሌዎች የተገኘው መረጃ ተነጻጸረ። ዕጣ ያስፈለገው ሮጦ የሚበደረው ቀድሞም ታታሪ የሆነ ሰው በመሆኑና እሱ ቢያልፍለት ምስጋናውን ለብድሩ መስጠት ስለሚያሳስት ነው። ብድር በገባባቸው ቀበሌዎች የሚበደረው ሰው በርግጥ በዛ። በእርሻና በከብት ገቢ፣ በልጆች ትምህርት፣ በሴቶች የመወሰን አቅም በኩል ግን በአብዛኛው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ይህ በአማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ያለፈለትንና የከሰረውን አንድ ላይ ደብልቆ ይደብቃል፤ የሕንዱ የሃይደራባድ ጥናት ለምሳሌ ቀድሞ ንግድ የነበራቸው ሰዎች ንግዳቸውን እንዳሰፉ አሳይቷል።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የያዘኝ በ2013 የወጣ የኮልካታ ጥናት ነው። እዚያ የተለመደው ብድር መከፈል የሚጀምረው በተወሰደ በሁለት ሳምንቱ ነበር። በሁለት ሳምንት ምን ንግድ ያተርፋል? ስለዚህ ተበዳሪዋ ከወሰደችው ላይ ለመጀመሪያ ክፍያ ቀንሳ ታስቀምጣለች፤ የቀረውንም የምትነግድበት ቶሎ በሚዞር፣ ትርፉ ትንሽ በሆነ ሸቀጥ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ በዕጣ ለተለዩ ቡድኖች የሁለት ወር የእፎይታ ጊዜ አሰጡ። ሦስት ዓመት ገደማ ቆይተው ሲያዩ እፎይታ ያገኙት ሴቶች ንግድና ትርፍ ከሌሎቹ በልጦ ነበር። ከነሱ መካከል ብድሩን ሳይከፍል የቀረውም ሰው እንዲሁ በዝቶ ነበር!

አያችሁ? ተበዳሪዋን የጠቀመው ያው ነገር የአበዳሪውን ቁጥር አበላሸ። «አመላለሱ ከፍተኛ ነው» ያልነው ተቋም ደንበኞቹ ዕድላቸውን እንዳይሞክሩ ጠፍንጎ የያዘ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በተቋሙ ግን አልፈርድም፤ የሚያበድረው የቆጣቢዎችን ገንዘብ ነው፤ እነሱም ድሆች ናቸው። እንዲህ ያለ ጉዳት የሚችል ገንዘብ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ የመመረቂያ ጽሑፍ ባገኝ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው መጠይቃችሁ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፦ የመጨረሻውን ክፍያ የከፈሉት ከምን ባገኙት ገንዘብ ነው? መልሱን በጥሬው ጻፉት፤ ምርጫ አትደርድሩለት። ሌላው ናሙናው ነው። ተቋሙ የሚሰጣችሁ ዝርዝር አሁን ያሉትን ደንበኞች ብቻ የያዘ ከሆነ ከስረው የወጡት ሳይጠየቁ ይቀራሉ። የቡድኑን ሰብሳቢ አምና አብረዋችሁ የነበሩት እነማን ናቸው ብላችሁ ጠይቁ፤ ቤታቸውን ታውቀዋለች። አማካሪያችሁ «ይህ ከርዕስህ ውጭ ነው» ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጥናቶቹን እልክላችኋለሁ።