የካቲና መንገድ

ከሳይጎን ካቴድራል ተነሥቶ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ እንደ ዘመኑ ገዥ ስሙን ሲለውጥ ኖሯል። ፈረንሳዮች ካቲና ይሉት ነበር፤ በ1955 «ነጻነት» ተባለ፤ ከ1975 ወዲህ ደግሞ ዶንግ ኮይ፥ ማለት «የጋራ ዐመፅ» ይባላል። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከተማውም ራሱ ከ1976 ጀምሮ የሆ ቺ ሚን ከተማ ተብሏል። ሆኖም መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የሚመጣ መንገደኛ ዛሬም የሚፈልገው ካቲናን ነው፤ እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ።

መጽሐፉ እንግሊዛዊው ደራሲ ግራሃም ግሪን በ1955 ያሳተመው «ዝምተኛው አሜሪካዊ» ነው። ፈረንሳዮችና ቪየት ሚን በሚዋጉበት ጊዜ ፓይል የተባለ ወጣት ከአሜሪካ የኤኮኖሚ ርዳታ ሚሲዮን ጋራ ወደ ሳይጎን ይመጣል። ታሪኩ ሲጀምር ግን ፓይል ሞቷል፤ ሬሳውም ከድልድይ ሥር ተገኝቷል። አንባቢው ማን ገደለው እያለ ገጹን ሲገልጥ ያመሻል። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ ይህ ትሑትና ጨዋ ልጅ በርዳታ ስም ወደ አገሩ ያስገባው ምን ነበር?

መልሱ ያለው ከመንገዱ አጋማሽ፥ በአደባባዩ ላይ ነው። በአንድ ወገን በ1880 የተሠራው ኮንቲኔንታል ሆቴል ይታያል፤ የልብ ወለዱ ጋዜጠኛ ፋውለር ከፓይል ጋራ የተዋወቀው እዚህ ነው። በሌላው ወገን የቲያትሩ ቤት ቆሟል። ቡና አዝዤ፥ ከትንሿ የቆርቆሮ ማጥለያ ጠብታ በጠብታ እስኪወርድ (ጀበና ለለመደ ሰው ትዕግሥት ይጠይቃል) ያንኑ ምዕራፍ እንደገና አነበብሁ።

ጥር 9 ቀን 1952 በዚህ አደባባይ ቦምብ ፈንድቶ መንገደኛውን ፈጀ። ጄኔራል ትሪን ሚን ቴ ያደረግሁት እኔ ነኝ አለ። ፈንጂው ከአሜሪካኖች እጅ የመጣ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ግሪን በልብ ወለዱ ፈንጂውን የሚያቀብለው ፓይል ነው ይለናል። ፓይል አገሩን ከማየቱ በፊት መድኀኒቱን ከመጽሐፍ አግኝቷል፤ ከፈረንሳዮችም ከኮሙኒስቶችም የተለየ «ሦስተኛ ኀይል» ያስፈልጋል ብሎ ያምናል። ቦምቡ የታሰበው ለወታደሮች ሰልፍ ነበር፤ ሰልፉ ቀረ፥ ቦምቡ ግን አልቀረም። የሞቱት ለገበያ የወጡ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ፓይል ጫማው ላይ ያለውን ደም አይቶ፥ ሚኒስትሩ ዘንድ ከመግባቴ በፊት ማስጠረግ አለብኝ ሲል ይሰማል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስደነገጠኝ ነበር።

በ1958 ሆሊዉድ ታሪኩን ገልብጦ በፊልም አወጣው፤ ጥፋቱን ከአሜሪካዊው ላይ አንሥቶ በኮሙኒስቶች ላይ ጣለው። ግሪን እጅግ ተቈጣ። በ2002 የወጣው ሁለተኛው ፊልም ወደ መጽሐፉ ተመልሷል፤ የፍንዳታውንም ትርኢት ያነሡት ዛሬ ሞተር ብስክሌት እንደ ንብ በሚተምበት በዚሁ አደባባይ ላይ ነው።