ልኩን ያልጠየቅነው ስጦታ

ዛሬ የምናካፍላችሁ ነገር ከምስክርነት ይልቅ ንስሐ ነው።

ኩየራ ከምናገለግላቸው ምእመናን አንዲት እህት ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። ለዓመታት ከቤት የምትወጣው በወንድሞቿ ጀርባ ታዝላ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ አዋጥታ ያገለገለ ዊልቸር ገዛችላት። እሑድ ጠዋት መድረኩ ፊት አስቀመጥናት፤ ጸለይን፣ እልል ተባለ፣ ፎቶ ተነሣን። ወንበሩ ለግዙፍ ሰው የተሠራ ነበር። እኛ ግን ስፋቱን እንደ በረከት ቆጥረን «እንደ ልቧ ትቀመጥ!» አልን።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከአምልኮ ቀረች። ልንጠይቃት ስንሄድ እናቷ ለብቻችን ጠርተው ነገሩን፤ ሲያጥቧት መቀመጫዋ ላይ ቁስል አግኝተዋል። እርሷ ሕመሙ አይሰማትም። ወንበሩ እንዳልሆናት ግን ከመጀመሪያው ሳምንት አውቃለች።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልናት።

«ፓስተር፣ ስጦታ ይነቀፋል እንዴ?» አለችን።

አብሮን የሄደው ዲያቆን መተዳደሪያው ጋሪ መንዳት ነው። ወንበሩን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ከፈረስ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ግን ገጣባ የሚያመጣው ጠባብ ኮርቻ ብቻ አይደለም፤ ሰፊውም እየተንሸራተተ ይልጣል» አለ።

እውነቱን ነበር። ወደ ሕክምና ስንወስዳት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አስረዳችን። መቀመጫው ከዳሌዋ ስለሚሰፋ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች፤ ክብደቷም በአንድ በኩል ባለው አጥንት ላይ ያርፋል። የእግር ማሳረፊያው ከፍ በማለቱ ጭኗ ከመቀመጫው ተነሥቷል፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ኋላ ሄዷል። ለረጅም ሰዓት የተጫነ ሥጋ ደም በደንብ አይደርሰውም፤ በመጨረሻ ይሞታል። ሌሎቻችን ሲቆረቁረን ሳናስበው እንገላበጣለን። ለማይሰማው ሰው ግን ይህን የሚነግረው የለም።

ቁስሉ እስኪድን ድረስ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። እኛም በዚያ ጊዜ ባለሙያዋ እንዳሳየችን አስተካከልነው። ብየዳ ቤት ወስደን የእግር ማሳረፊያውን ዝቅ አስደረግን። የረገበውን የመቀመጫ ጨርቅ ከሥር በጣውላ ደግፈን በላዩ ጠንከር ያለ ወፍራም ስፖንጅ አደረግን። በዳሌዋ ግራና ቀኝ ያለውን ክፍተት፣ ሳይጫናት፣ ሞላነው። ከጉልበቷ ኋላ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዲቀር ጀርባዋን በትራስ ወደ ፊት አመጣነው። እርሷም በየጊዜው ወደ ፊትና ወደ ጎን እያዘነበለች ክብደቷን ማንሣት ተማረች።

ይህን ሁሉ ስንሠራ አንድ ሽማግሌ ያሉት አይረሳንም። ለአገልጋዮች ጉባኤ ላንጋኖ በሄድንበት ጊዜ ሐይቁ ዳር ካያክ የምታከራይ ልጅ እግራችንን አይታ መርገጫውን በየቁመታችን አስተካክላልን ነበር። «ለግማሽ ሰዓት መዝናኛ እግራችን ተለካ። ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠውን እህታችንን ግን ማን ለካት?» አሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዊልቸር መመሪያ ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ ሰውየውን መመርመርና መለካት፣ ወንበሩን በልኩ ማስተካከል፣ ማሠልጠን፣ በኋላም ተመልሶ መጠየቅ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። እኛ የፈጸምነው መግዛቱን ብቻ ነበር።

በማቴዎስ 11፥29-30 ጌታ ደካሞችን ሲጠራ ቀንበር የለም አላለም። የእርሱ ቀንበር ግን «ልዝብ» ነው፤ የለሰለሰ፣ አንገት የማይልጥ። ግሪክኛው ቃል ደግሞ መልካም፣ ደግ፣ ለአገልግሎቱ የሚስማማ የሚል ሐሳብ አለው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ዘመን እንደ ጻፈው ጌታ በአናጢነቱ ዘመን የእርሻ ዕቃና ቀንበር ይሠራ ነበር። ገበሬም እንደሚያውቀው የበሬውን አንገት ሳያይ የተጠረበ ቀንበር ያቆስላል።

እኛ እረኞችስ? ትናንት ባሏን ለቀበረች ሴት ለሌላው የሰጠነውን ጥቅስ ሰጥተን እንሄዳለን። ዓይን አፋሩን ወጣት ማይክ አስይዘን «ጸጋህን አነሣሣ» እንላለን። ለሁሉም አንድ ልክ። ስንቶች በእኛ መልካምነት ቆስለው፣ ስጦታ አይነቀፍም ብለው ዝም አሉ? ቤተ ክርስቲያን የቀሩትስ ስንቶች ናቸው?

እህታችን ዛሬ በአምልኮ መካከል ትቀመጣለች። እኛም አንድ ልማድ ይዘናል፤ ለሰው አንዳች ነገር ከሰጠን በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ ሄደን «ተስማማህ? ተስማማሽ?» ብለን እንጠይቃለን። እውነቱን ለመናገር ለማይደፍሩም ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

ወዳጄ፣ አንተስ በዚህ ወር የሰጠኸውን ተመልሰህ አይተኸዋል? አንቺስ የሚያቆስልሽን ቀንበር ዝም ብለሽ ተሸክመሽ ይሆን? ጌታ የሚነቅፈው የለም፤ ንገሪው። አንገትሽን የሚያውቅ ቀንበር ሠሪ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ከመስጠታችን በፊት መንበርከክን አስተምረን። አሜን።