ለካስ በጉልበት አይደለም
ሰፈራችን ውስጥ ሳይክል የሚጠግን ሁሉ "ጠበቅ አድርገው!" ነው የሚለው። እኔም የታናሽ ወንድሜን ሳይክል መሪ ባለኝ ጉልበት አጠበቅኩት። ለካስ የብሎኑን ጥርስ ጨርሼው ኖሯል! ቁልቁለት ላይ መሪው ዞረበት፤ ልጁ ወድቆ ክንዱን ተሰበረ።

ከዚያ ወዲያ ጥብቀት የሚለካውን መፍቻ፣ ቶርክ ሬንችን ፍለጋ ገባሁ። ጋራዥ የሚሠሩት አጎቴ የራሳቸውን ሊያውሱኝ ነበር፤ የእሳቸው ግን ከ40 ኒውተን ሜትር ነው የሚጀምረው። የመሪ ብሎን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው 5 ገደማ ነው፤ ልኩም ብዙ ሳይክሎች ላይ እዚያው ብሎኑ አጠገብ ተጽፏል። ስለዚህ ከ2 እስከ 14 የሚለካውን፣ ቦርሳ የሚገባውን ትንሹን መረጥኩ። ልኩ ሲደርስ "ቀጭ" ይላል፤ እዚያ ላይ እጅን መሰብሰብ ነው።

ወንድሜ ድኗል። አሁን ሳይክሉ ላይ ከመውጣቱ በፊት "ቀጭ ብሏል?" ብሎ ይጠይቀኛል። አልቀየመውም።