ከቅጣቱ ይልቅ ትምህርቱ

ጥፋት የተመዘገበበት ሾፌር «ቅጣቱን ከፍያለሁ፤ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገኛል?» ሲል እንሰማለን። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ግን ከገንዘቡ ሌላ ጥፋትን በነጥብ መመዝገብን፣ ነጥብ ለተጠራቀመበትም የመንጃ ፈቃድ እገዳንና የተሃድሶ ሥልጠናን አምጥቷል።

በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ያለፍን መምህራን ይህ አይደንቀንም። ቁርኣን ሲቀራ የተሳሳተን ተማሪ ኡስታዙ መልሶ ያስቀራዋል እንጂ ሳንቲም አያስከፍለውም። ገንዘብ ምላስን አያቃናም፤ እግርንም ፍሬን ላይ አያፈጥንም።

በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻችን የምናሰላውን እዚህም እንድገመው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ደግሞ አንድ ሰኮንድ ያህል ያልፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚንሸራተተው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለችው ሶዶ የአርባ ምንጭ፣ የሆሳዕናና የሻሸመኔ መንገዶች ይገናኛሉ። በእነዚሁ መንገዶች ባጃጁ፣ ሞተሩ፣ አህያ የሚነዳው ገበያተኛና ደብተር የያዙ ልጆቻችን ይተላለፋሉ። ለእነርሱ 17 ሜትር የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እሾህ ማንሳት ይህን ያህል ቦታ ከተሰጠው፣ ራሳችን ጎጂ እንዳንሆን መማር እንዴት ያንሳል? እንግዲህ አባወራው ለሥልጠና ሲጠራ ቤተሰቡ አያፍርበት። ማታ ሲመለስ ልጆቹ «አባባ፣ ዛሬ ምን ተማሩ?» ብለው ይጠይቁት።