አርሰናል ከ11 ጨዋታ በኋላ፣ ከጨፋ ሲታይ

የአጎቴ ልጅ ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ሃያ ዓመቱ ነው። አርሰናል ከ2025/26 ወቅት በፊት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የበላው በእኛ አቆጣጠር በ1996 ስለሆነ፣ ያኔ ገና አልተወለደም። እሱ የአርሰናል ደጋፊ የሆነው እኔን አይቶ ነው፤ እኔ ደግሞ አባቱን አይቼ። በዘር የወረደ ነገር ነው፣ ማንም መርጦ አልገባበትም።

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። «ኢንጂነር፣ አንተ ቁጥር ታውቃለህ። አርሰናል ዘንድሮ ይበላል አይበላም? ቁርጡን ንገረኝ፤ አምስት ሺህ ብር ላስይዝ ነው።»

አምስት ሺህ ብር ለሱ ቀልድ አይደለም። ባጃጇ የሱ አይደለችም። ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ የተረፈችው የሱ ናት። የሱ እድሜ ልጆች ሰኞ ሰኞ ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ቲኬታቸው ማውራት ከጀመሩ ቆይተዋል። «አንድ ጨዋታ አቃጠለብኝ» ይላሉ፣ ሌሎቹን ዘጠኝ አግኝተው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ደጋፊም እንደ ታላቅ ወንድምም መመለስ አለብኝ። ደጋፊው ይቅደም።

በ2025/26 ሊጉ ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ሲቆም አርሰናል በ11 ጨዋታ 26 ነጥብ ይዞ አንደኛ ነበር። ሁለተኛው ማንቸስተር ሲቲ 22 ነበረው። ስምንት አሸንፈናል፣ ሁለት አቻ ወጥተናል፣ አንድ ተሸንፈናል። የተሸነፍነው አንፊልድ ላይ፣ ዶሚኒክ ሶቦስላይ ከሩቅ በመታት ቅጣት ምት ነው። 20 ጎል አግብተናል፤ የገባብን 5 ብቻ ነው።

ከነዚህ ቁጥሮች ሁሉ እኔ የማየው 5ን ነው። ከዌስትሃም እስከ በርንሌይ በተከታታይ አራት የሊግ ጨዋታ አንድም ጎል አልገባብንም። ሳሊባና ገብርኤል መሀል ላይ ቆመው፣ ዙቢሜንዲና ራይስ ከፊታቸው፣ ተጋጣሚው ኳሷን ይዞ ሲዞር ሲዞር መግቢያ ያጣል። ጨዋታው ደስ ይላል ወይ? ሁልጊዜ አይልም። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ በ70ኛው ደቂቃ ስልኩን የሚነካካ ሰው ይበዛል። እኔ ግን እንዲህ ያለ መሰልቸት ናፍቆኝ ነበር።

ጎሎቹ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከቆመ ኳስ ነው። ኦልድትራፎርድ ላይ ካላፊዮሪ ከኮርነር። ኒውካስል ላይ በ96ኛው ደቂቃ ገብርኤል በጭንቅላት፣ እሱም ከኮርነር። ፉልሃም ላይ ትሮሳር፣ አሁንም ከኮርነር። ፓላስ ላይ ኤዜ የቀድሞ ክለቡ ላይ ያገባት ከቅጣት ምት የተነሳች ናት። የማንቼ ደጋፊዎች «እናንተ ኳስ አትጫወቱም፣ ኮርነር ነው የምትጫወቱት» ይሉናል። ይበሉ። ከ25 ሜትር የተመታ ኳስ አንድ ሳምንት ይገባል፣ አሥር ሳምንት ይስታል። ኒኮላ ዦቨር ያስጠናው ኮርነር ግን ጥናት ነው፤ በነሐሴ የሠራ በጥርም ሊሠራ ይችላል። የወቅት መጀመሪያን ሲገመግሙ መጠየቅ ያለበትም ይሄ ይመስለኛል፦ ከሆነው ውስጥ የትኛው ሊደገም ይችላል?

ቀዳዳ የለም አልልም። ጥቅምት 29 ሰንደርላንድ ሜዳ ላይ 2 ለ 1 እየመራን በ94ኛው ደቂቃ ብሮቤይ አገባብንና አቻ ወጣን። የመጀመሪያውን ያገባብን ደግሞ እዚያው አርሰናል አካዳሚ ያደገው ዳን ባላርድ ነው። ዮኬሬሽ በርንሌይ ላይ ተጎድቶ ስለነበር ሜሪኖ አጥቂ ሆኖ ነው የገባው። ኦዴጋርድ፣ ሃቨርትዝ፣ ማዱዌኬ፣ ጄሱስ ሁሉም አልነበሩም። ግማሽ ሆስፒታል ይዞ አንደኛ መሆን ጥሩ ምልክት ነው ወይስ መጥፎ? ሁለቱንም ነው። የወንበሩን ጥልቀት ያሳያል፤ ወንበሩ እየሳሳ መሆኑንም ያሳያል።

አሁን የአጎቴ ልጅ የጠየቀኝን ቁጥር። ያለፉትን አራት ወቅቶች ከ11 ጨዋታ በኋላ የነበረንን ነጥብና መጨረሻ ላይ የያዝነውን አስቀመጥኩ፦

2021/22፦ 20 ነጥብ፤ ሲያልቅ 69፣ አምስተኛ።
2022/23፦ 28 ነጥብ፤ ሲያልቅ 84፣ ሁለተኛ።
2023/24፦ 24 ነጥብ፤ ሲያልቅ 89፣ ሁለተኛ።
2024/25፦ 19 ነጥብ፤ ሲያልቅ 74፣ ሁለተኛ።

እዩት። ከሁሉም በላይ አሪፍ የጀመርነው 28 የነበረን ጊዜ ነው፤ ከዘንድሮው በሁለት ይበልጣል። በዚያ ወቅት 248 ቀን አንደኛ ሆነን ዋንጫውን ሲቲ ወሰደው። ብዙ ነጥብ ይዘን የጨረስነው ደግሞ በ24 በጀመርንበት ዓመት ነው። በ19 የጀመርንበት ወቅት በ20 ከጀመርንበት የተሻለ አለቀ። ከአራት መስመር ብዙ ነገር ማውጣት አይቻልም፤ ቢያንስ ግን «በጥቅምት አንደኛ ነን፣ አለቀ» የሚለውን ያፈርሳል።

የ2021/22ን ወቅት ግን እኔ በነጥብ አላስታውሰውም። በሦስት ሽንፈት ነበር የጀመርነው፦ ብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ ቼልሲ 2 ለ 0፣ ሲቲ 5 ለ 0። ዘጠኝ ገብቶብን አንድም ሳናገባ የሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ቁጭ አልን። ከዚያ ቀስ በቀስ ተነሳን። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ሌስተርን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ራምስዴል የማዲሰንን ቅጣት ምት ከማዕዘኑ ያወጣበት ጨዋታ ነው። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ የአጎቴ ልጅ ከሚሴ። ስለዚያች ኳስ በስልክ አወራን። ደሴ አካባቢ ውጊያ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም ግን ስለ ራምስዴል ነበር የምናወራው።

ከዚያ ጦርነቱ ከሚሴ ደረሰ። ስልክ ጠፋ። ቤተሰቡ ከከተማ ወጥቶ ገጠር ዘመድ ጋ እንደገባ የሰማሁት በሰው በሰው ነው፣ እሱም ዘግይቶ። በነዚያ ሳምንታት እኔ የጨዋታ ውጤት ስልኬ ላይ እጽፍ ነበር። ዋትፎርድ 1 ለ 0። ሊቨርፑል 0 ለ 4። ኒውካስል 2 ለ 0። ማንቼ 2 ለ 3። ለምን እንደምጽፍ አልጠየቅኩም፤ ሲገኝ የምነግረው ነገር እንዲኖረኝ ነበር መሰለኝ።

መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ሰው ነው። ቀጥሎ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቤቱ። ሁሉም ከተባለ በኋላ ትንሽ ዝም አለና «ሊቨርፑልስ እንዴት ሆናችሁ?» አለኝ። ነገርኩት። «አልሃምዱሊላህ፣ ይህንንስ አለማየቴ!» አለ።

ያን ዓመት እሱ ያየው የወቅቱን መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ሦስቱን ሽንፈትና መነሳቱን። ከዚያ ወዲያ «ጅማሮ ምንም ማለት አይደለም» ሲሉኝ ዝም ብዬ አልቀበልም። ትንበያ ላይሆን ይችላል። ግን የታየ ኳስ ነው፤ መጨረሻው ምንም ቢሆን ማንም አይመልሰውም። በነሐሴ የሚጀመር ነገር ሁሉ ግንቦትን እንደሚያይ እርግጠኛ የሚሆነው ሌላ አገር ያለ ደጋፊ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ሆኜ የምለው ደግሞ ይሄ ነው። ጨፋ ማለት በኦሮምኛ ረግረግ መስክ ነው። በክረምት ከከሚሴ ዙሪያውን ብታይ ተራራውም ሜዳውም አረንጓዴ ነው፤ የትኛው ጨፋ እንደሆነ በቀለም አትለየውም። የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን ነድቶ ወደ ቦርከና ዳር የሚመጣው በበጋ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ። የጨፋ ሣር ዋጋ ያኔ ነው የሚታወቀው። አሁን ያለነው ገና ከዝናቡ ማግስት ነው፤ ብዙ ቡድን አረንጓዴ ይመስላል። በመጋቢት 2015 ሳሊባ ከስፖርቲንግ ሊዝበን ጋር በነበረው ጨዋታ ተጎድቶ ወጣ፤ በዚያ ወቅት ደግሞ አልተመለሰም። ሚያዝያ ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ 0 መርተን 2 ለ 2፣ ዌስትሃምን 2 ለ 0 መርተን 2 ለ 2፣ ሳውዝሃምፕተንን 3 ለ 3፣ ከዚያ በሲቲ 4 ለ 1። የ248 ቀኑ ልምላሜ በአራት ጨዋታ ደረቀ።

የውርርዱን ሂሳብም ልንገረው። 26 ነጥቡን እሱ ብቻ አይደለም ያየው፤ ቤቲንግ ቤቱም አይቶታል፣ ዋጋውን የቀነሰው ለዚህ ነው። አንድ ቡድን 2 ኦድ ተሰጠው ማለት ቤቱ የበለጠ የሚከፍለው የሌለ ያህል 50 በመቶ ዕድል ሰጥቶታል ማለት ነው። የሃያውንም ቡድን ዋጋ እንዲህ ወደ በመቶ ቀይረህ ብትደምረው 100 መምጣት ነበረበት። ከ100 በላይ ይመጣል። ያቺ ትርፍ የቤቱ ናት፣ ማንም ዋንጫውን ቢበላ። ይህን ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። እኔም ብሆን ከቤቱ የተሻለ የሚተነብይ ፕሮግራም መጻፍ ብችል ኖሮ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ባልቆምኩ።

እና ቁርጡ? ዘንድሮ ከ28ቱ ዓመት በነጥብ ዝቅ ብለናል፤ እኔ ግን ይሄኛውን እመርጣለሁ። ያኔ በ11 ጨዋታ 11 ገብቶብን ነበር፣ አሁን 5። የያኔው ጅማሮ የቆመው በማግባት ነበር፤ የዘንድሮው ባለማስገባት ቆሟል፣ ይህ ደግሞ ሲደክሙም ሊቆይ የሚችል ነገር ነው። ሳሊባና ገብርኤል እስከ መጋቢት በእግራቸው ከቆሙ፣ ከተጎዱት ውስጥ ግማሹ እስከ ገና ከተመለሰ፣ ይበላል ብዬ አምናለሁ። «ከሆነ» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ያለበት እምነት ላይ ግን አምስት ሺህ ብር አይያዝም።

ከእረፍቱ በኋላ ኅዳር 14 ቀን 2018 ቶተንሃም ኤምሬትስ ይመጣል። መብራት ካለ እኛ ሰፈር ሁሉም ያየዋል። መግቢያው ከአንድ ቲኬት በጣም ይረክሳል፤ 90 ደቂቃውን ሙሉ ደግሞ ያንተ ነው።