ጭስ ማንን ገደለ?

ባለፈው ሴሚስተር በወሰድኩት የአካባቢ ጤና ትምህርት ላይ ፕሮፌሰራችን ቀላል የሚመስል የቤት ሥራ ሰጡን። «መንግሥት እናንተ ናችሁ። በጀታችሁ ግን ለሁሉም አይበቃም። የትኛውን አደጋ ታስቀድማላችሁ?» እኔም እንደ ክፍል ጓደኞቼ ቶሎ ጽፌ ጨረስኩ። አንደኛ የተቀበረ የኬሚካል ቆሻሻ፣ ሁለተኛ የኒውክሌር አደጋ፣ ሦስተኛ በቧንቧ ውሃ የሚመጣ እርሳስ። አራተኛው ላይ፣ አገሬን አልረሳሁም ለማለት፣ «ቆሼ» ብዬ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ዝርዝሮቻችንን ይዘው መጡና አንድ የቆየ ሪፖርት አሳዩን። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ 75 ያህል የራሱን ባለሙያዎች ሰብስቦ 31 የአካባቢ ችግሮችን በሚያደርሱት ጉዳት እንዲያወዳድሩ አድርጎ ነበር። የሪፖርቱ ርእስ በአማርኛ «ያላለቀ ሥራ» እንደ ማለት ነው። ባለሙያዎቹ የደረሱበት ነገር መሥሪያ ቤታቸውን የሚያኮራ አልነበረም። የኤጀንሲው ገንዘብና ጉልበት ይከተል የነበረው እነሱ የገመቱትን የጉዳት መጠን ሳይሆን በአብዛኛው የሕዝቡን ስጋት ነበር።

ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1978 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ላቭ ካናል በሚባል ሰፈር፣ ከመሬት በታች የተቀበረ የኬሚካል ቆሻሻ ወደ ሰው ቤት እየገባ መሆኑ ሲታወቅ አገር ተንጫጫ። በ1980 ኮንግረሱ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ለማጽዳት «ሱፐርፈንድ» የተባለውን ሕግ አወጣ። የሚታይ ሰፈር አለ፣ የሚወቀስ ድርጅት አለ፣ አደባባይ የሚወጡ እናቶች አሉ። ባለሙያዎቹ በዝርዝራቸው ከፍ አድርገው ካስቀመጧቸው አደጋዎች አንዱ ግን የቤት ውስጥ አየር ነበር። ይህን ስንሰማ ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ አያቴ ትዝ አለችኝ።

አያቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ግን በሦስት ጉልቻ ላይ፣ በእንጨትና በኩበት እንጀራ ስትጋግር ኖራለች። ማድቤቷ መስኮት አልነበረውም፤ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሮ ነበር። እኛ ልጆች ዓይናችንን ሲያቃጥለን እንሮጣለን፤ እሷ የመጨረሻዋን እንጀራ ሳታወጣ አትነሳም። በኋላ ሳሉ ጸናባትና ከቤት እስከ ደጅ መሄድ አቃታት። ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ «ሲጋራ ያጨሱ ነበር እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ አክስቴ እንደ ስድብ ቆጥራ ተቆጣች። አያቴ ካረፈች በኋላ ይህ ነገር በቤታችን እንደ ቀልድ ሲወራ ኖሯል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 ብቻ በማብሰያ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ያን ቀን ማታ ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። «ጭስ ማንን ገደለ? ሁላችንም በጭስ ነው ያደግነው» አለችኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያለው ሰው ይህን ያውቅ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ይገባቸዋል፤ እንዲያውም አንሷል። በጭስ የሚሞቱት ግን አንድ ቀን አብረው አይሞቱም። ድንኳናቸው በየሰፈሩ በተለያየ ቀን ይተከላል። ለእነሱ አዋጅ የሚያውጅ የለም።

ታዲያ ሕዝቡ ተሳስቷል፣ ባለሙያ ብቻ ይወስን ማለቴ አይደለም። ፖል ስሎቪክ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንዳሳየው ሰው አደጋን የሚመዝነው በሟች ቁጥር ብቻ አይደለም፤ በፈቃዴ የገባሁበት ነው ወይስ ሰው የጫነብኝ ብሎም ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔን የከነከነኝ መልሱ ነው። የቤት ውስጥ አደጋ ሲሆን ሁላችንም በፈቃድ የተገባበት ይመስለናል። አያቴ ግን ጭሱን መቼ መረጠች? በጀት የሚመድቡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ማድቤት ደግሞ የሴት ቦታ ነው ተብሎ ቀርቷል። ከሲሚንቶና ከፑሚስ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። መፍትሔ አልጠፋም፤ የጠፋው ወረፋው ነው።

ነገሩ አገር ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔና የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ቤዝመንት ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ እንደ ብዙዎቻችሁ። ሬዶን ከአፈርና ከዓለት የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ነው። በወለል ስንጥቅ ገብቶ ምድር ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። ኤጀንሲው በዓመት 21,000 ያህል አሜሪካውያን በሬዶን ምክንያት በሳንባ ካንሰር እንደሚሞቱ ይገምታል። መጠኑ በሊትር 4 ፒኮኩሪ ከደረሰ ቤቱ ይስተካከል ብሎ ይመክራል እንጂ የቤቱን ባለቤት አያስገድድም። እዚሁ አጠገባችን ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2016 ጀምሮ ቤት ሲሸጥ ሬዶን እንዲለካ በሕግ ደንግጓል። የፖለቲካ ፈቃድ ካለ ይቻላል ማለት ነው።

መለኪያውን ገዝቼ አስቀመጥኩ፣ ወደ ላቦራቶሪ ላክሁት። 6.2 ሆኖ ተመለሰ። ውጤቱን ለአከራያችን ሳሳያቸው «ልጄ፣ እኔ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ምን ሆንኩ?» አሉኝ። የእማዬ ድምፅ በእሳቸው አፍ የወጣ መሰለኝ። አልተከራከርኩም። «ጋሼ፣ የልጅ ልጆችዎ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወቱት እዚህ አይደል?» ብቻ አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከወለሉ ሥር አየር የሚስበው ቧንቧና ማራገቢያ እስካሁን አልተገጠመም፤ በሳምንቱ ግን «ለላይኛውም ፎቅ አንድ መለኪያ አምጪልኝ» ብለውኛል።

ቤዝመንት የምትኖሩ፣ አስለኩት፤ ዋጋው አንድ ምሳ ከመጋበዝ ብዙ አይበልጥም። ለበዓል ወደ አገር ቤት ብር ስትልኩ ደግሞ «ማድቤቱ መስኮት አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ዘንድሮ ጠይቄአለሁ። እማዬ ዝም ብላ ቆየችና «ለአክስትሽ ምድጃውን ግዥላት እንግዲህ» አለችኝ።