መናጫና ብልቃጥ

«ንጥረ ነገር» የሚለው ቃል፣ ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ለሚቆጥር፣ ማታ ደግሞ ስንኝ ለሚቋጥር እንደኔ ላለ ሰው የሩቅ አገር ቃል ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን የእናቶቻችን ቃል ነው። ቅቤ ይነጠራል፤ ወርቅም ይነጠራል። የነጠረ ነገር ባዕድ የወጣለት፣ ራሱን ብቻ ሆኖ የቀረ ነው። ኬሚስትሪ በአማርኛ ሲነገር ዋናው ቃሉ የቆመው በዚህ ሥር ላይ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለች። ባለፈው መስቀል፣ የጉራጌ ልጅ ካለበት ሁሉ ወደ ቤቱ በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ ቡታጅራ እናታችን ቤት ተገናኘን። እናቴ ለክትፎው ቅቤ ታነጥራለች፤ እህቴ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ቤተ ሙከራ ታወጋለች። ወሬዋ ስለ አንድ የብርጭቆ ዕቃ ነበር፤ «ሴፓራቶሪ ፈነል» ይሉታል። ሆዱ ሰፊ፣ ከላይ ክዳን፣ ከታች ቀጭን እግርና መክፈቻ ያለው ብልቃጥ ነው። የሻይ ቅጠል ተፍልቶበት የቀዘቀዘ ውኃ ይገባበታል፤ ዳይክሎሮሜቴን የተባለ ከውኃ ጋር የማይዋሐድ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ይናጣል። በሻዩ ውስጥ ያለው ካፌይን ውኃውን ትቶ ወደ ሌላው ፈሳሽ ይሻገራል። ብልቃጡ ቆሞ ሲረጋ ሁለት ንብርብር ይታያል። ዳይክሎሮሜቴን ከውኃ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ መክፈቻውን ከፍቶ እሱን ብቻ ማውረድ ነው። ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ካፌይኑ ይቀራል።

«በናጥነው ቁጥር ግን» አለች እህቴ፣ «ትነቱ ውስጡን ይወጥረዋል። ዘቅዝቀን መክፈቻውን ከፈት እያደረግን ካላስተነፈስነው ክዳኑን ያስፈነጥረዋል።»

እናቴ ማማሰያዋን ሳታስቀምጥ፣ «ታዲያ መናጫ ነዋ!» አለች።

የሸክላ መናጫ የምታውቁ ወዳጆቼ፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አስታውሱ። እርጎው ሲናጥ የሚፈጠረው አየር የሚወጣው በእሷ ነው። ቅቤው መያዙንም ቀጭን ስንጥር በዚያው ሰድደው ይፈትኑታል።

እህቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ዝም አለች። ከዚያም እንደ ተማሪ ጠየቀች። «ቅቤው መንጠሩን በምን ታውቂያለሽ?»

«ዝም ሲል። ውኃው እስካለ ይጮኻል፤ ሲያልቅ ዝም ይላል።»

ቡታጅራ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ እዚህ ግን በ93 ገደማ ይፈላል። በእናቴ ድስት ቴርሞሜትር ቢሰካበት፣ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ሙቀቱ እዚያው አካባቢ ይቆማል፤ ሲያልቅ ሽቅብ ይወጣል። እህቴ በዓይኗ ከቁጥሩ የምታነበውን እናቴ በጆሮዋ ትሰማዋለች።

ይህን ስል ሸክላና ብርጭቆ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። የእናቴ መናጫ በወይራ ጭስ የታጠነ ነው፤ የትናንቱን ጠረን ለዛሬው ያወርሳል፤ የቅቤዋ ለዛም ከዚያ ነው። ብርጭቆ ግን ትዝታ የለውም። በደንብ ከታጠበ የትናንቱን አይናገርም፤ ስለዚህም የተገኘው ነገር ከዕቃው ሳይሆን ከንጥረ ነገሩ መሆኑን ማመን ይቻላል። እሳት እንዲችልም ተደክሞበታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመናዊው ኦቶ ሾት የቦሮን ኦክሳይድ ቀላቅሎ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበት ቶሎ የማይሰነጠቅ ብርጭቆ ሠራ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርጭቆ ያሳያል። እናቴ አርባ ዓመት የናጠችውን ነገር ከውስጥ ሲለያይ አይታው አታውቅም።

የሚከነክነኝ ስሙ ነው። እህቴ የምትይዛቸው ዕቃዎች የሰው ስም ተሸክመው መጥተዋል። ሾጣጣው ብልቃጥ ኤርለንማየር ይባላል፤ ትነትን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚመልሰው ቱቦ ደግሞ ሊቢግ። ሊቢግ እንኳ ቱቦውን አስፋፋው እንጂ የፈለሰፈው እሱ አልነበረም፤ ስሙ ግን ቀረለት። በመናጫው አንገት ላይ ያቺን ቀዳዳ መጀመሪያ የበሳችው ሴት ማን እንደ ነበረች የሚነግረን የለም። ቅቤ ሸጠው ብር ሊያስቀምጡ ወደ መስኮቴ የሚመጡ እናቶች አሉ። ቅጹን እሞላላቸዋለሁ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይፈርማሉ፤ «እኛ ምን እናውቃለን፣ ልጄ» ይላሉ። እናቴም እንዲሁ ትላለች። እህቴን ያስተማረው ግን የዚያ ቅቤ ገንዘብ ነው።

እህቴ ወደ ወልቂጤ ከመመለሷ በፊት የቤተ ሙከራ ደብተሯን ገልጬ አየሁ። የብልቃጡን ሥዕል በእርሳስ ነድፋዋለች፤ ክፍሎቹን ሁሉ በእንግሊዝኛ ሰይማለች። ከሥዕሉ ግርጌ ግን፣ በአማርኛ፣ «የብርጭቆ መናጫ» የሚል ተጽፏል። በቅንፍም የእናታችን ስም አለ።